የዕቅድ ውይይት፦ የልብ ድካም፣ የፔስሜከር አተካከልና ሐዋሳ ላይ ልናጠናው የምንችለው

ሰብሳቢ፦ ውድ አባላት፣ የጋራ ጥናቱ የመጀመሪያ ረቂቅ ደርሷችኋል። የልብ ድካም ባለባቸው ታካሚዎች ላይ የፔስሜከርን (በሽቦ ልብን በኤሌክትሪክ የሚያስመታውን መሣሪያ) ሦስት አተካከሎች እናወዳድር ይላል፤ ሽቦው በቀኝ የታችኛው የልብ ክፍል ብቻ የሚቀመጥበት የተለመደው፣ የቀኙንና የግራውን የታችኛ ክፍል በአንድ ጊዜ የሚያስመታው ባለ ሦስት ሽቦ፣ እንዲሁም ሽቦው በሁለቱ መካከል ባለው ግድግዳ ጠልቆ ገብቶ የግራውን የኤሌክትሪክ መስመር የሚይዝበት አዲሱ። እስከ ዓርብ ተወያዩበት።

የልብ ሐኪም፦ ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ታካሚን በዕጣ መድቦ ማወዳደር ግን የእኛ አቅም አይደለም። አብዛኞቹ ታካሚዎቻችን አዲስ አበባ አስተክለው ለክትትል ነው ወደ እኛ የሚመለሱት። አተካከሉን የመረጠላቸው ሌላ ሐኪም ነው፤ አንዳንዴም ኪሳቸው ነው።

በዚያ ላይ የጥያቄው ግማሽ ተመልሷል። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ኬር ኤችኤፍ የተባለው ጥናት ባለ ሦስት ሽቦው የልብ ምታቸው ቅንጅት ለተዛባ የልብ ድካም ታካሚዎች ሞትን እንደሚቀንስ አሳይቷል። በ2013 ደግሞ ብሎክ ኤችኤፍ፣ ልቡ ደክሞ ከላይ ወደ ታች የሚሄደው የኤሌክትሪክ መልእክት ለሚቋረጥበት ሰው በቀኝ ብቻ ከመምታት በሁለቱም በኩል መምታት እንደሚሻል አረጋገጠ። በዚያው ዓመት ኢኮ ሲአርቲ የተባለው ጥናት በኢሲጂ (በልብ የኤሌክትሪክ ምርመራ) ላይ ኪውአርኤሳቸው፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መልእክቱ በታችኛው የልብ ክፍል ለመዳረስ የሚፈጅበት ጊዜ፣ ከ130 ሚሊ ሰከንድ ያነሰ ታካሚዎችን ወስዶ ባለ ሦስት ሽቦውን ሲሞክር ሞት ጨመረ። ውድ ስለሆነ ብቻ ለሁሉም አይበጅም ማለት ነው።

አዲሱን መንገድ የቻይና ሐኪሞች በ2017 አስተዋወቁት። ከባለ ሦስት ሽቦው ባነሰ ሽቦ ስለሚሠራ ለእንደ እኛ ዓይነት አገር ያጓጓል። በ2022 በ40 ሰዎች ላይ የተደረገ ንጽጽር የልብን ደም የመግፋት አቅም ከባለ ሦስት ሽቦው የበለጠ አሻሽሎ አግኝቶታል። አርባ ሰው ግን ስለ ሞት ምንም አይነግረንም።

የክትትል ክፍል ነርስ፦ ከገጠር የሚመጡ አባቶች የመሣሪያቸውን ካርድ ከመታወቂያቸው ጋር በላስቲክ ጠቅልለው ይይዛሉ። ከመተከሉ በፊት የተነሣው ኢሲጂ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይገኝም። የእያንዳንዱ ኩባንያ መሣሪያ የሚነበበውም በራሱ ማንበቢያ ብቻ ነው፤ ያ ከሌለን ፔስሜከሩ ከመቶ ስንቱን ምት እንደሚመታ በምን እናውቃለን?

የስታቲስቲክስ ባለሙያ፦ እኔን ያሰጋኝ ሌላ ነው። ባለ ሦስት ሽቦውን መግዛት የቻለ ሰው መድኃኒቱንም አያቋርጥም፤ ለቀጠሮም አይቀርም። ውጤቱ ቢያምር የሽቦው ይሁን የገንዘቡ መለየት አንችልም። ስለዚህ ማወዳደሩን ትተን አንድ ቡድን ብቻ እንከተል፦ በቀኝ በኩል ብቻ የተተከለላቸውን። ከመካከላቸው የማን ልብ እየደከመ ይሄዳል?

የፋርማሲ ባለሙያ፦ እስማማለሁ፤ በየቀጠሮው የሚወስዱት መድኃኒት ይመዝገብ። ምቱ የዘገየ ታካሚ ቤታ ብሎከር (የልብ ምትን የሚያዘገይ የልብ ድካም መድኃኒት) በድፍረት የሚጀመርለት ፔስሜከር ከገባለት በኋላ ነው። ያ መድኃኒት ሳይጀመርለት ከቀረ ወይም ከገበያ ጠፍቶ ካቋረጠ ጥፋቱን ሽቦው ላይ እናላክካለን።

የልብ ሐኪም፦ የስታቲስቲክስ ባለሙያውን ሐሳብ ተቀብያለሁ፤ ከመጀመሪያው ረቂቅ ይሻላል። በቀኝ በኩል የሚመታው ድርሻ ከመቶ 20 ሲያልፍ ልብ የመድከም አደጋው እንደሚጨምር ስለሚታወቅ የሲስተር ጥያቄ የጥናቱ እምብርት ነው። ማንበቢያዎቹን በውሰት ካላገኘን አንጀምር። በሩማቲክ የልብ ሕመም ቫልቫቸው የተጎዳ ታካሚዎችም ለብቻ ይመዝገቡ፤ እኛ ዘንድ ብዙ ናቸው፣ የጠቀስኳቸው ጥናቶች ግን ስለ እነርሱ ብዙም አይነግሩንም።

ሰብሳቢ፦ እንግዲያው ጥያቄው እንዲህ ተሻሽሏል፦ «በቀኝ በኩል ብቻ ፔስሜከር ከተተከለላቸው ታካሚዎች መካከል በአንድ ዓመት ውስጥ የልባቸው የመግፋት አቅም የሚቀንሰው የእነማን ነው?» ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) በመጀመሪያው ቀጠሮ፣ በ6ኛውና በ12ኛው ወር ይነሣል። ልቡ ደክሞ የተገኘ ታካሚ ወደ ባለ ሦስት ሽቦው ወይም ወደ አዲሱ አተካከል እንዲዛወር የሚላክበት መንገድ በረቂቁ ይካተት፤ ያለዚያ የሥነ ምግባር ኮሚቴው አያሳልፈንም። ዶክተር ስለ ማንበቢያዎቹ አዲስ አበባ ያሉትን ባልደረቦች ይጠይቁልን። ሲስተር፣ የመመዝገቢያ ቅጹን እርስዎ ቢያዘጋጁትስ?

የክትትል ክፍል ነርስ፦ አዘጋጃለሁ። ከአንድ ገጽ የሚያስበልጥ ጥያቄ የምትጨምሩበት ከሆነ ግን መሙላቱንም ራሳችሁ ትሞላላችሁ።