የጋራ ማመልከቻው ረቂቅ፦ ከትምህርት ቤቱ እስከ ገበያው የሚሠራው የብስክሌት መንገድ

ጸሐፊ (እሑድ ማታ)
ረቂቁን ለጥፌዋለሁ። በማኅበራችን ስብሰባ የተስማማነው በአንድ ነገር ነው፤ ከትምህርት ቤቱ እስከ ገበያው ድረስ በከርብስቶን (ከፍ ባለ የጠርዝ ድንጋይ) ከመኪናው የተለየ የብስክሌት መንገድ ይሠራ። ስፋቱ በየአቅጣጫው 2 ሜትር። የጥናቱን ወጪ ግማሽ ከተቀማጫችን እንከፍላለን፣ ግማሹን ማዘጋጃ ቤቱ። ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ መግባት አለበት፤ ካለፈ በጀቱ ለሌላ ሥራ ይሄዳል። የመንገዱን ስፋት የሚለካ ሁለት ሰው እፈልጋለሁ።

ዝናብ አይበግረኝም
ማክሰኞ ጠዋት እኔ እለካለሁ። የ30 ሜትር ሜትር አለኝ። አንድ የሚይዝልኝ ሰው ብቻ።

የመንታዎቹ እናት
ከርብስቶኑን እንዳትነኩብኝ፣ ሌላውን እንደፈለጋችሁ አድርጉት። ባለፈው ሳምንት አንዱን ልጄን ከኋላ ጭኜ ስሄድ የቆመ መኪና በር ፊቴ ላይ ተከፈተ። የበሩ ጠርዝ የመሪዬን ጫፍ ገጭቶ የፍሬኑን ማንሻ አጠፈው። የተቀባው ነጭ መስመር ውስጥ ነበርኩ። ችግሩም እሱ ነው፤ መስመሩ የተሰመረው በር የሚከፈትበት ቦታ ላይ ነው። በር ሲከፈት አንድ ሜትር ገደማ ይወጣል፣ ቀለም ደግሞ በር አያቆምም።

የድሮው ሊቀመንበር
ገጽ 3 ላይ «መንገዱ አረንጓዴ ይቀባል» ይላል። ማን ወሰነ? ይህ ማኅበር ከተቋቋመ ጀምሮ የጠየቅነው ቀይ ነው። ቃለ ጉባኤው አለ።

ንድፍ ሠሪው
እኔ ነኝ የጻፍኩት። የስፔኗ ከተማ ሴቪያ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ የተያያዘ መንገድ በጥቂት ዓመታት ስትሠራ አረንጓዴ ነው የቀባችው፤ አሜሪካም እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ለብስክሌት መስመር የፈቀደችው አረንጓዴ ነው። ቀይ ለሾፌር «ቁም» ማለት ነው፣ ያደናግራል።

የድሮው ሊቀመንበር
ሆላንድ ቀይ ነው፣ ማንም ሲደናገር አላየንም። እነሱ ደግሞ ላዩን ቀብተው አይተዉትም፤ አስፋልቱ ራሱ ቀለሙ ተቀላቅሎበት ነው የሚነጠፈው። ሲያረጅም ቀይ ነው፣ ሲፋቅም ቀይ ነው። አረንጓዴ ከሆነ አልፈርምም።

አዲስ አባል
ሰማያዊስ? ኮፐንሃገን መስቀለኛ መንገዶቹ ላይ ሰማያዊ ነው።

መካኒኩ
ስለ ቀለሙ ዓይነት ከመጨቃጨቃችሁ በፊት ስለ ውፍረቱ ጠይቁ። አሸዋ ሳይነሰነስበት የተቀባ ወፍራም ቀለም ዝናብ ሲነካው ሳሙና ነው። ዝናብ በጣለ ማግስት እጄ የሚገባው ሳይክል ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፤ ፔዳሉ በአንድ ጎን ተፍቋል፣ መሪው ከፊት ጎማው ጋር አልገጥም ብሎ ተጣሟል፣ ባለቤቱ መዳፉ ተልጦ በመሀረብ ጠቅልሎታል። የት ወደቅክ ስለው «እግረኛ ማቋረጫው ላይ ፍሬን ያዝኩ» ይላል። እናንተ አሁን መንገዱን በሙሉ ልትቀቡልን ነው።

ንድፍ ሠሪው
አሸዋ ይነሰነስበታል፣ ገጽ 3 ላይ አለ። አንብበህ ጻፍ ወንድሜ።

መካኒኩ
አነበብኩት። «እንደ አስፈላጊነቱ» ይላል። እንደ አስፈላጊነቱ የተባለ ነገር ተሠርቶ አይቼ አላውቅም።

የድሮው ሊቀመንበር
ከርዕሱ አትውጡ። ቀይ ወይስ አረንጓዴ?

የመንታዎቹ እናት
ርዕሱ ከርብስቶን ነው እኮ ጋሼ! ሎንዶንም እ.ኤ.አ. በ2010 ስትጀምር ሰማያዊ ቀለም ቀብታ ነበር የብስክሌት መንገድ ያለችው። ሰው ሞተባት። እ.ኤ.አ. በ2016 የከፈተቻቸው ዋና ዋናዎቹ መንገዶች በከርብስቶን የተለዩ ናቸው። ያንን ሁሉ ዓመት እኛም ልንደግመው ነው?

ንድፍ ሠሪው
ማንም ከርብስቶን ይቅር አላለም። ጥያቄው ቀለሙ ነው። ለሦስት ሌሊት ያለ ክፍያ ቁጭ ብዬ የሠራሁትን ሥዕል አንድ ቃል ሳይጠይቀኝ «ማን ወሰነ» የሚለኝ ሰው አለ።

የድሮው ሊቀመንበር
ልጄ፣ አንተ ፔዳል ሳትረግጥ እኔ ይህን ማመልከቻ ይዤ በየቢሮው ደጅ ጠንቻለሁ። የማኅበሩ ዓርማ ቀይ ነው። ከተማው መንገዱን ሲያይ የማን ድካም እንደሆነ ማወቅ አለበት።

ንድፍ ሠሪው
እንግዲያው በዓርማችሁ ሥሩት። ሥዕሉን ከረቂቁ አንሥቻለሁ።

ጸሐፊ
እባክህ መልሰው። ያለ ሥዕል አይቀበሉንም።

ጸሐፊ (ማክሰኞ ማታ)
ዛሬ ጠዋት ማን ለካ? ዝናብ አይበግረኝም፣ ስልክህ አይነሣም።

አዲስ አባል
እኔ ሜትሩን ልይዝለት አንድ ሰዓት ላይ ሄጄ ነበር። እስከ ሦስት ሰዓት ጠብቄ ተመለስኩ።

ገንዘብ ያዥ
ሁለት ቀን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። አሁን ሒሳቡን ስሙኝ። መንገዱን ከዳር እስከ ዳር መቀባት፣ ቀይም ሆነ አረንጓዴ፣ ተቀማጫችንን ይጨርሰዋል፤ በየጊዜው መታደስም አለበት። ከርብስቶኑ ደግሞ ሲቀመጥ የዝናብ ውኃ ወደ ዳር የሚወርድበትን ይዘጋል። ስለዚህ በየስንት ሜትሩ ክፍተት እንደሚተው፣ መውረጃው የት እንደሚሆን ይጠናል። ጥናቱ ውድ የሆነው በዚህ ነው። የአባላት መዋጮ ነው፣ እኔ ነኝ የምጠየቅበት። መስቀለኛ መንገዶቹን ብቻ እንቀባ ነው የምለው።

መካኒኩ
በዚህ እስማማለሁ። ግን ሁሉንም ጎን አትቀቡ። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የዴንማርክ ጥናት አለ፤ አንድ መስቀለኛ መንገድ ላይ አንዱ ማቋረጫ ብቻ ሰማያዊ ሲቀባ አደጋ ቀነሰ፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ሲቀቡ ግን ጨመረ። ቀለም ሲበዛ ሾፌሩ መሬት መሬቱን ያያል መሰለኝ። ብልሃቱ ከማኅበር ዓርማ ጋር አይገናኝም።

የድሮው ሊቀመንበር
አንዱ ማቋረጫ ብቻ ከሆነ እንኳ ቀይ ይሁን።

ጸሐፊ (ረቡዕ ጠዋት)
ጋሼና ንድፍ ሠሪው ማታ ተደዋውለዋል። ሥዕሉ ተመልሷል።

ንድፍ ሠሪው
አዎ፣ ጋሼ ደውለውልኛል። በቁጣ የጻፍኩትን ይቅር ይበሉኝ። የቀለሙን ነገር ለማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ እንተወው ብለን ተስማምተናል።

የድሮው ሊቀመንበር
እኔም ቃሌ ከረረ። ልፋቱን አውቃለሁ፣ ልጁ ጎበዝ ነው። ግን «ማኅበሩ ቀይን ይመርጣል» የሚል አንድ መስመር ይግባ።

ገንዘብ ያዥ
እግረ መንገዴን፣ ገበያው በር ላይ የብስክሌት ማሰሪያ ቢጨመርስ? ይህ ጥናት አያስፈልገውም። እንደ ቅስት ታጥፎ ሁለት ጫፉ መሬት የተተከለ የብረት ቱቦ ነው፣ አንዱ ሁለት ሳይክል ያስራል። የሚታይ ሥራ ነው፣ አባላትም መዋጯቸው የት እንደገባ ያያሉ።

መካኒኩ
ጎማ ብቻ የሚይዘውን ዓይነት አታምጡብኝ እንጂ ጥሩ ነው። ያኛው ሳይክሉ ሲገፋ የጎማውን ሽቦ ያጣምማል፤ ሌባም ጎማውን ትቶ ሌላውን ፈትቶ ይሄዳል። ፍሬሙ ራሱ የሚታሰርበት ይሁን። በመካከላቸው አንድ ሜትር ተዉ፣ አለበለዚያ መሪ ከመሪ ይጠላለፋል። አንድ መኪና የሚቆምበት ቦታ 10 ሳይክል ይይዛል።

አዲስ አባል
ትምህርት ቤቱ በርም ላይ ይደረግ።

ንድፍ ሠሪው
ሥዕሉን ዛሬ ማታ እሠራለሁ። ቱቦው 75 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ይበቃዋል።

ጸሐፊ (ሐሙስ ማታ)
የተስተካከለው ረቂቅ ተለጥፏል። አንቀጽ 1፣ በገበያው በርና በትምህርት ቤቱ በር የብስክሌት ማሰሪያ። አንቀጽ 2፣ በሁለቱ መስቀለኛ መንገዶች በእያንዳንዳቸው አንድ ማቋረጫ ብቻ ይቀባል፤ ማኅበሩ ቀይን ይመርጣል። አንቀጽ 3፣ የመንገዱ ስፋት ስላልተለካ የከርብስቶኑ ጉዳይ በሚቀጥለው በጀት ይታያል። ነገ ጠዋት እስከ ሦስት ሰዓት ፈርሙ።

የድሮው ሊቀመንበር
ፈርሜያለሁ።

ገንዘብ ያዥ
ፈርሜያለሁ። ከተቀማጩም ይተርፈናል።

መካኒኩ
አሸዋውን «እንደ አስፈላጊነቱ» ከሚለው አውጡት፣ እፈርማለሁ።

ጸሐፊ
አውጥቼዋለሁ።

የመንታዎቹ እናት
ከሥራ ገብቼ አሁን ነው ያየሁት። እሑድ የተስማማንበት አንድ ነገር ነበር፣ እሱ አንቀጽ 3 ላይ ገብቶ «ይታያል» ተብሏል። ማሰሪያ ሳይክሌን ከሌባ ይጠብቅልኛል፣ ልጄን ከመኪና አይጠብቅልኝም። ላለመለካት ሰበብ የሆነው አንድ ሜትር መጥፋቱ ነው? ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከቢሮ ስመለስ በልብስ ሰፊ ሜትር ሦስት ቦታ ለክቻለሁ። ጠባቡ ቦታ ትምህርት ቤቱ አጥር ጋ ነው፤ እዚያም ቢሆን አንዱን የመኪና ማቆሚያ ረድፍ ብናነሣ 2 ሜትሩ ይገኛል። ቁጥሮቹን ለጸሐፊው ልኬያለሁ።

ጸሐፊ
ደርሶኛል እህቴ። ግን የማቆሚያ ረድፍ ይነሣ ካልን የሱቆቹን ባለቤቶች ማነጋገር አለብን፣ እስከ ነገ ስድስት ሰዓት አይደርስም።

የመንታዎቹ እናት
እንግዲያው ስሜን ከፈራሚዎቹ አውጡልኝ። ልኬቱን ግን አባሪ አድርጋችሁ አስገቡት፣ በሚቀጥለው «አልተለካም» እንዳይባል።

ጸሐፊ (ዓርብ፣ አምስት ሰዓት)
ስሟ ወጥቷል። ልኬቱ አባሪ 2 ሆኖ ገብቷል። አሁን ወደ ማዘጋጃ ቤቱ እየሄድኩ ነው።

ዝናብ አይበግረኝም
ይቅርታ፣ ስልኬ ተበላሽቶ ነበር። ቅዳሜ ልለካ እችላለሁ፣ አሁንም ይፈለጋል?