የወሩን መጽሐፍ ማን ይምረጥ? በድምፅ፣ በዕጣ ወይስ በተራ?

አስተባባሪ፦
የባሕር ዳሩ የንባብ ክበባችን በመስከረም ደንቡን ስለሚያድስ አንድ ጥያቄ ለሁላችሁም አቀርባለሁ። እስካሁን የወሩን መጽሐፍ የምንመርጠው በቴሌግራም ድምፅ ሰጥተን ነው። ባለፈው እሑድ ጣና ዳር ስንሰበሰብ ግን መጽሐፉን አንብቦ የጨረሰው ከግማሻችን በታች መሆኑ ስለታወቀ፣ አመራረጡ ይለወጥ የሚል ሐሳብ ተነሥቷል። በድምፅ እንቀጥል፣ እንደ ዕቁብ ዕጣ እናውጣ፣ ወይስ እንደ ጽዋ ማኅበር በተራ ይዙር? ምክንያታችሁን ጨምራችሁ ጻፉ።

የምህንድስና ተማሪ፦
ድምፁ እንዲቀጥል እፈልጋለሁ። ዛሬ አንድ መጽሐፍ መግዛት ለተማሪ ቀላል ወጪ አይደለም፤ ገንዘቤን በማወጣበት ነገር ላይ ድምፅ ሊኖረኝ ይገባል። ዕጣውን በተመለከተ፣ የዕቁብ ዕጣ ለማንም ቢወጣ የሚደርሰው ያው ገንዘብ ነው፤ መጽሐፍ ግን አንዱ በሌላው የሚተካ ነገር ስላልሆነ ለዕጣ የሚሰጥ አይመስለኝም።

ጡረታ የወጣ መምህር፦
ልጄ፣ ስለ ወጪው ያነሣኸው እውነት ነው። ስለ ድምፁ ግን አንድ ነገር ላስታውስህ። ባለፈው ዓመት በሰፊ ድምፅ ያለፈው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነበር። በ1958 ዓ.ም. የታተመው ይህ ልብ ወለድ የጎጃም ሰው ስለ ጎጃም የጻፈው በመሆኑ፣ እዚህ ከተማ ውስጥ መመረጡ አያስደንቅም፤ እኔም የመረጥሁት እርሱን ነው። ነገር ግን ውይይቱ ሲጀመር፣ አብዛኞቻችን ይዘን የመጣነው ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰማነውን እንጂ ከመጽሐፉ ያነበብነውን እንዳልነበረ ግልጽ ሆነ። ስለ ፊታውራሪ መሸሻ አንድ ሰዓት ሙሉ ተነጋገርን። በመካከል «ይህን የተናገሩት የትኛው ገጽ ላይ ነው?» ብዬ ስጠይቅ፣ መጽሐፉን የገለጡት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ትረካው ድንቅ ነው፤ ቢሆንም የንባብ ክበብ የተሰበሰበው ለጽሑፉ ነው። ሰው ድምፁን የሚሰጠው አስቀድሞ ለሚያውቀው ስለሆነ፣ ማንም ያልሰማው መጽሐፍ በዚህ መንገድ እኛ ዘንድ ሊደርስ አይችልም።

መጽሐፍ ሻጭ፦
በየትኛውም መንገድ ምረጡ፣ ብቻ ሁለት ወር ቀድማችሁ አሳውቁኝ። የመረጣችሁትን ከአዲስ አበባ አስመጥቼ እጄ ሲገባ፣ እናንተ ውይይቱን ጨርሳችሁ ወደሚቀጥለው አልፋችኋል።

ነርስ፦
በተራ ይሁን የምለው፣ ተራው ኃላፊነትን ይዞ ስለሚመጣ ነው። በጽዋ ማኅበር ጽዋውን የወሰደ ሰው የሚቀጥለው ወር ዝክር የእርሱ ነው፤ ቤቱን ያሰናዳል፣ እንግዳውንም ያስተናግዳል። የመጽሐፉም ተራ እንዲሁ ቢሆን፣ ባለተራው ለምን እንደመረጠው ያስረዳል፣ ቢያንስ ሦስት ቅጂ ፈልጎ አቅም ለሌለው ያውሳል፣ ውይይቱንም ራሱ ይከፍታል። በድምፅ የተመረጠ መጽሐፍ ግን የሁሉም ስለሆነ ማንም አይጠየቅበትም፤ ሳናነብ የምንመጣውም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

የካቲት ላይ ድምፁ እኩል ለእኩል ሆኖ አስተባባሪው ምርጫውን ለእኔ የሰጠኝን ጊዜ ታስታውሳላችሁ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተመውን፣ ብዙ ሰው «ጦቢያ» የሚለውን «ልብ ወለድ ታሪክ» አቀረብሁ። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ መሆኑን በትምህርት ቤት ያልሰማ የለም፤ ደራሲው በጀልባ ደርሰን በምንመለስባት በዘጌ መወለዱን የሚያውቅ ግን ከመካከላችን ጥቂት ነበር። ውይይቱ ሳይጀመር አንድ ወንድማችን፣ በጣልያን ወረራ ዘመን ከጠላት ጋር ወግኖ «አፈ ቄሳር» ለተባለ ሰው አንድ ምሽት እንኳ ልንሰጥ አይገባም ብሎ ተነሣ። ተቀምጦ ያለውን ሁሉ እንዲናገር ለመንነው፤ አያቱ በዱር በገደል ያሳለፉትን ሲነግረን ማንም አላቋረጠውም። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያውን ገጽ ጮክ ብዬ አነበብሁና፣ ይህን አማርኛ ከጸሐፊው ሥራ ለይተን ማንበብ እንችላለን ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ወንድማችን ሐሳቡን አልለወጠም። ነገር ግን መጽሐፉን ሊከስስበት ብሎ በጥንቃቄ አንብቦት ስለነበር፣ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ የምትጓዝበትን ክፍል ከሁላችን አብልጦ ያብራራው እርሱ ነበር። ያን መጽሐፍ በድምፅ ብናደርገው ኖሮ አምስት ሰው እንኳ አይመርጠውም ነበር።

የምህንድስና ተማሪ፦
እኅቴ፣ የየካቲቱን ውይይት እኔም አልረሳሁትም። ይሁን እንጂ ሁሉም ባለተራ እንደ አንቺ አይደክምም። አንዱ ገበያ ላይ የሌለ መጽሐፍ ቢያመጣ፣ ሌላው የሚወደውን የፖለቲካ ወገን መስበኪያ ቢያደርገው ምን እናደርጋለን? ባለተራው ሦስት መጻሕፍት ያቅርብና ከሦስቱ አንዱን በድምፅ እንምረጥ።

ጡረታ የወጣ መምህር፦
ከሦስቱ እንምረጥ ካልን፣ ከሦስቱ በጣም የሚታወቀው ማለፉ አይቀርምና ወደ ተነሣንበት እንመለሳለን። ባለተራው አንድ መጽሐፍ ያቅርብ፤ መጽሐፉ በከተማው እንደማይገኝ ወይም ዋጋው ከተስማማንበት በላይ እንደሆነ ከታወቀ ብቻ ሌላ እንዲያመጣ ይጠየቅ። የፖለቲካው ስጋት የሚፈታው ግን በአመራረጡ ሳይሆን በአወያየቱ ነው፤ በእኔ እምነት የክበባችን ትልቁ ችግርም ያለው እዚያ ነው።

ውይይታችን ዘወትር የሚጀመረው «መጽሐፉን ወደዳችሁት?» በሚል ጥያቄ ነው። ሁለት አንደበተ ርቱዕ ሰዎች ወደድነው ካሉ በኋላ፣ ያልወደደው ዝም ይላል። ጎንጅም ሆነ ዋሸራ ቅኔ ቤት የገባ ሰው እንደሚያውቀው፣ ጉባኤ ቃና የሚቆጥረው ጀማሪም ሆነ መወድስ የደረሰው ነባር ከመምህሩ ፊት የሚቆመው የራሱን ቅኔ ይዞ ነው፤ ሌላው ያለውን ደግሞ ቢናገር አይመሰገንበትም፤ የተሳሳተውም እዚያው ይታረማል። እኛም እንዲሁ እናድርግ። እያንዳንዱ ሰው ምልክት ያደረገበትን አንድ አንቀጽ ይዞ ይምጣ፤ ያነብበውና ለምን እንደመረጠው በሁለት ደቂቃ ይናገር፤ ዙሩ ሳይሞላ ማንም ሁለተኛ አይናገር። ያላነበበ ሰው አይከልከል፣ በመጀመሪያው ዙር ግን ያድምጥ። ከተጻፈው ቃል የሚነሣ ክርክር፣ ባለተራው የትኛውንም ወገን ቢወድድ፣ ተመልሶ ወደ ገጹ ይመጣል።

ነርስ፦
መምህር፣ በሁሉም እስማማለሁ፤ በአንዱ ግን ቅር ይለኛል። ሌሊት ተረኛ ሆኜ ያደርሁበት ወር ስንት ነው! መጽሐፉን እስከ እኩሌታው ያነበበ ሰው ካነበበው ውስጥ አንድ አንቀጽ ይዞ ከመጣ፣ በመጀመሪያውም ዙር ይናገር።

ጡረታ የወጣ መምህር፦
ልክ ነሽ ልጄ፤ ይናገር።

የምህንድስና ተማሪ፦
የዋጋው ጣሪያ ከተጻፈና አንቀጽ ይዞ መምጣቱ ደንብ ከሆነ፣ ተራውን እቀበላለሁ። ቅጂ ማዋሱ ግን በባለተራው ብቻ አይጣል፤ ተራው ተማሪ ላይ ሲደርስ ከክበቡ መዋጮ ይሸፈንለት።

አስተባባሪ፦
የተማሪው ጥያቄ ተገቢ ስለሆነ በረቂቁ ውስጥ አስገብቼዋለሁ፤ ግማሹን መጽሐፍ ያነበበ ሰው የሚናገርበትም ተጽፏል። ረቂቁን በጳጉሜን እልክላችኋለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ባለተራዎች ማን ማን እንደሚሆኑ ከዚያ በፊት ንገሩኝ፤ የመጻሕፍቱን ስም ለሻጩ ወዳጃችን ቀድሜ መስጠት አለብኝ።