አሮጌው ባለ 15 ኢንች ወይስ አዲሱ ቀላል? የቤዝ አምፕ ልገዛ ነው

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የቤዝ ጊታር ኮምቦ አምፕ (ማጉያውና ስፒከሩ በአንድ ሳጥን ያለ) ልገዛ ሁለት አግኝቼ መወሰን አቃተኝ።

አንደኛው ፒቪ ቲኤንቲ 115 ነው። ባለ አንድ 15 ኢንች ስፒከር፣ 150 ዋት፣ ከአሜሪካ የመጣ አሮጌ። ጀርባው ላይ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ይላል። ስናነሳው ለሁለት ነው። ሌላው አዲስ ፌንደር ራምብል 500 ነው። ሁለት ባለ 10 ኢንች ስፒከር አለው፣ ክብደቱ 16 ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። ዋጋው ግን የአሮጌው እጥፍ።

ቅዳሜና እሁድ ሰርግ እንጫወታለን። በሳምንቱ መሀል ልምምድ አለ፤ ድራም፣ ኪቦርድ፣ ሳክስና ድምፃዊ ነን። ቤቴ አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። ሁለቱንም ሞክሬ ልቤ ወደ አሮጌው ነው የሄደው። ምን ትሉኛላችሁ?

ሀዋሳ ቤዝ፦
ወንድሜ፣ አራተኛ ፎቅ ካልክ አዲሱን ግዛ። ሰርግ ሌሊት ስምንት ሰዓት ሲያልቅ ደረጃ ላይ የሚያግዝህ ሰው አታገኝም። ወገብህ ደግሞ ለነገም ያስፈልግሃል።

ቀላል ስለሆነ ደካማ አይምሰልህ። የድሮዎቹ ትልቅ ትራንስፎርመርና ሙቀት የሚያስወጣ ወፍራም አሉሚኒየም ተሸክመው ነው የሚዞሩት። አዲሶቹ ክላስ ዲ የሚባለው የማጉያ ዓይነት ናቸው። ብዙ ስለማይሞቁ ያ ሁሉ ብረት አያስፈልጋቸውም። አንድ ነገር ብቻ ልብ በል፦ ራምብል 500 ብቻውን የሚሰጥህ 350 ዋት ነው። 500 የሚሞላው ተጨማሪ የስፒከር ሳጥን ስታገናኝበት ነው። 350ውም ቢሆን ከበቂ በላይ ነው።

ጠጋኙ፦
ልጄ፣ በዋት አትታለል። ከ150 ወደ 350 ዋት ብትሄድ የምታገኘው ጭማሪ 4 ዴሲቤል እንኳ አይሞላም። ጆሮ «እጥፍ ሆነ» የሚለው 10 ዴሲቤል ገደማ ሲጨመር ነው፤ ለዚያ ዋቱ አሥር እጥፍ መሆን አለበት። በስፋትም ቢሆን ሁለቱ ባለ 10 ተደምረው ከአንዱ ባለ 15 ትንሽ ያንሳሉ።

እኔ የምጠይቅህ ሌላ ነው። ሲበላሽ ማን ይሠራልሃል? አሮጌውን ስትከፍተው ሁሉም ነገር በዓይን ይታያል። ትራንዚስተሩም ካፓሲተሩም ተነቅሎ ይተካል። አዲሱ ላይ ያሉት ዕቃዎች ጤፍ የሚያክሉ ናቸው። ብዙ ጊዜ ቦርዱ በሙሉ ነው የሚቀየረው፣ እሱም ከውጭ እስኪመጣ ትጠብቃለህ። የመብራታችንን ጠባይ ደግሞ ታውቀዋለህ፤ ሄዶ ሲመለስ ከፍ ብሎ ይመጣል።

ያም ሆኖ አሮጌውን ሳትፈትሽ እንዳትገዛ። ቤዝህን ሳትሰካ አብራውና ሁሉንም ቁልፍ አዙር። ቢንኮሻኮሽ አቧራ ነው፣ በኮንታክት ክሊነር ይለቃል። ቀጥለህ ቮልዩሙን ዜሮ አድርገህ አዳምጥ። የሚያጉረመርም ድምፅ ካለ ቤዝህን አንሳና ኖታውን ፈልገው። በእኛ 50 ኸርዝ መብራት፣ የማጣሪያ ካፓሲተር (የመብራቱን ኃይል የሚያለሰልሰው ዕቃ) ሲያረጅ የሚሰማው 100 ኸርዝ ነው። ባዶው የጂ ክር 98 ኸርዝ ስለሆነ እሱን ስትመታ ይገጥምልሃል። ጉርምርምታው ቮልዩም ስትጨምር ብቻ የሚመጣና አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብሎ የኢ ክር ሦስተኛ ፍሬት ላይ የምታገኘው ከሆነ ግን 50 ኸርዝ ነው። ያኔ ከአምፑ በፊት ገመዱንና ኧርዙን (ወደ መሬት የሚሄደውን መከላከያ ሽቦ) ፈትሽ።

ስፒከሩንም አትርሳ። የፊቱን መረብ አስነሳና በሁለት እጅህ ዙሪያውን እኩል ይዘህ ቀስ ብለህ ግፋው። የሚፋቅ ድምፅ ከሰማህ ውስጡ ያለው ጥቅል ሽቦ እየነካ ነው፤ ወይ ዋጋ ያስቀንሱልህ ወይ ተወው። በመጨረሻ ግማሽ ሰዓት ጮክ አድርገህ ተጫወትበት። ሲሞቅ የሚወጣ በሽታ ብርድ እያለ አይታይም።

ሀበሻ በሲልቨር ስፕሪንግ፦
ከዚህ ከአሜሪካ ዕቃ ስለምልክ ስለ ቮልት ልጨምር። ያ አሮጌ 220 ላይ በቀጥታ ከተሰካ አለቀለት። ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር የግድ ነው። ጀርባው ላይ የተጻፈውን ዋት እይና እጥፉን የሚችል ግዛ። ለ60 ኸርዝ የተሠራ ዕቃ 50 ላይ ትንሽ ይበልጥ ስለሚሞቅ ግድግዳ ላይ አታስጠጋው።

የአሜሪካ ፕላግ ሦስተኛ እግር አለው፣ ኧርዝ ነው። ሶኬት አልገባ አለ ብሎ የሚሰብረው ሰው አይቻለሁ። እባክህ እንዳታደርገው። ቤዝህን ይዘህ ማይክ ስትነካ የሚነዝርህ እንዲህ ባለ ምክንያት ነው፤ ሰው ይገድላል።

አዲሱንም ቢሆን «አዲስ ነው፣ ራሱ ይለያል» ብለህ አትመን። ጽሑፉ ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ በቀጥታ ሰካ። 120 ብቻ ካለ ያው ነው።

ሚክሰር ላይ ነኝ፦
ቤተ ክርስቲያን ሳውንድ ላይ ነው የማገለግለው። የኔ ወንድም፣ እስካሁን ማንም ያልጠየቀህን ልጠይቅህ። ሰርግ ላይ ሰዉ ቤዝህን የሚሰማው ከየት ነው? አዳራሹ ትልቅ ሳውንድ ካለው ቤዝህ ወደ ሚክሰር ነው የሚገባው። አምፑ ያኔ ለአንተና ለድራመሩ ጆሮ ብቻ ነው። ባለ 15 ኢንች መድረክ ላይ ሲጮህ ለእኛ ራስ ምታት ነው፤ ከኋላ የሚመጣው ድምፅ የድምፃዊው ማይክ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ከጀርባው ወደ ሚክሰር የሚወጣ ኤክስኤልአር (እንደ ማይክ ገመድ ባለ ሦስት እግር መሰኪያ) አለው ወይ ብለህ እይ። ራምብሉ አለው።

ልምምድ ላይ ግን ሌላ ሳውንድ ከሌላችሁ አምፑ ብቻውን ድራሙን መቻል አለበት። የምትለማመዱበት ክፍል የት ነው? አምፑ እዚያ ማደር ይችላል?

ደግሞ ጉራጊኛ ስትጫወት ኖታው አልለይ ካለህ የቤዝ ቁልፉን አትጨምር። ከ400 እስከ 800 ኸርዝ ያለውን መሀሉን ከፍ አድርግ። አሮጌም ይሁን አዲስ፣ በድራም መሀል ጣትህን የሚያሰማህ እሱ ነው።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ እንዳሉኝ ፈተሽኩት። ሁለት ቁልፍ ይንኮሻኮሻል። ስፒከሩ ንጹህ ነው። ግማሽ ሰዓት ተጫውቼበትም ችግር አላሳየም። ጉርምርምታ ግን አለው፣ ቮልዩም ዜሮ ላይም ይሰማል። ቤዜን ይዤ ስፈልገው ባዶው ጂ ላይ ገጠመ። ለሻጩ ነግሬው ከዋጋው ቀነሰልኝ።

እህቴ፣ ጥያቄሽ ነገሩን ፈታልኝ። የልምምድ ክፍላችን ምድር ቤት ነው፣ ይቆለፋል። ሰርግ ላይ ሁልጊዜ ሚክሰር አለ። ስለዚህ አሮጌውን ገዝቼ እዚያው አስቀምጠዋለሁ። ሰርግ ቤዜንና ዲአይ ቦክስ (ቤዙን ከሚክሰር ጋር የሚያገናኝ ትንሽ ሳጥን) ብቻ ይዤ እሄዳለሁ። ምን ዓይነት ዲአይ ልግዛ?

ሚክሰር ላይ ነኝ፦
ቤዝህ ባትሪ ያለው ከሆነ ተራው ፓሲቭ (ያለ ኃይል የሚሠራው) ዲአይ ይበቃሃል። ባትሪ ከሌለው አክቲቩን (ኃይል የሚፈልገውን) ውሰድ፣ አለዚያ ድምፁ ይደበዝዛል። ኧርዝ የሚያላቅቅ (የድምፅ ገመዱን እንጂ የመብራቱን አይደለም) ማብሪያ ያለውን ምረጥ፤ አንዳንድ አዳራሽ ላይ ጉርምርምታውን የሚያጠፋልህ እሱ ብቻ ነው። መድረክ ላይ ራስህን እንድትሰማ ደግሞ ሳውንድ የሚሠራውን ሰው ቤዝህን ሞኒተር ላይ እንዲሰጥህ ቀድመህ ንገረው።

ሀዋሳ ቤዝ፦
እንዲህ ከሆነ እኔም ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። ደረጃው ከሌለ አሮጌው ይሻላል።

ጠጋኙ፦
ደግ አደረግህ። ጉርምርምታው ጂ ላይ ከገጠመ ያረጀው የማጣሪያ ካፓሲተሩ ነው። አዲሱን ስትገዛ ማይክሮፋራዱ (መጠኑ) ያው ይሁን። ቮልቱ እኩል ወይም ከፍ ያለ ይሁን፣ ዝቅ ያለ ግን በፍጹም። 105 ዲግሪ የሚል ካገኘህ እሱን ውሰድ፣ ሙቀት ይችላል። ራስህ እንዳትከፍተው። ከሶኬት ተነቅሎም ውስጡ ኃይል ይዞ ይቆያል። ይዘኸው ስትመጣ ትራንስፎርመሩንም አብረህ አምጣ፣ የሚያወጣውን ቮልት እንለካዋለን።