የካሜራዬን ፓስወርድ ስጪን ተባልኩ፤ ምን ላድርግ?

ጠያቂ (ደሴ፣ ፒያሳ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ፒያሳ ጀበና ቡና የማፈላባት ትንሽ ቤት አለችኝ። አምና ሌባ መስኮት ሰብሮ ሲገባብኝ ሁለት ካሜራ አስገጠምኩ። አንዱ በሩን፣ አንዱ ውስጡን ያያል። ባለፈው ሳምንት ግን "ለአካባቢው ጸጥታ ነው" ያሉ ሁለት ሰዎች መጡ። በስልካቸው ሁልጊዜ እንዲያዩት ፓስወርዱን ጠየቁኝ። ወረቀት አልያዙም። እምቢ ብል "ምን ብትደብቅ ነው?" እንዳይሉኝ ፈራሁ። ግን እኔ ጋ የሚመጣ ሰው ቡና ብቻ ጠጥቶ አይሄድም። ሐዘን ያለበት ያለቅሳል። ከባሏ የተኳረፈች ታወራለች። የኑሮው፣ የመንግሥቱ ወሬም ይነሳል። ብሰጥ እነሱን አሳልፌ የሰጠሁ መሰለኝ።

የሸዋ በር ልጅ፦
እህቴ፣ ብትሰጪ ይሻላል። የወንድሜ ባጃጅ ተሰርቃ የተገኘችው ጎረቤት ሱቅ ካሜራ ላይ በመታየቷ ነው።

ካሜራ ገጣሚ (ኮምቦልቻ)፦
ወንድሜ፣ እንኳን ተገኘችላችሁ። ግን ያኔ የተሰጣችሁ የዚያ ሌሊት ቅጂ ነው ወይስ ፓስወርድ? ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። አድሚን ፓስወርዱን፣ ማለትም ሁሉን የሚያዘውን ዋና ፓስወርድ፣ የያዘ ሰው ዲስኩ ላይ ያለውን የኋላ ቀረጻ ሁሉ ያያል። ማጥፋትም ይችላል።

አብሽሪ እህቴ። ዛሬውኑ ገጣሚው የተወልሽን ፓስወርድ ቀይሪ። ካሜራው ድምፅ የሚቀዳ ከሆነ ማይኩን ከሴቲንግ አጥፊው፤ ሌባ ለመያዝ የደንበኛ ወሬ አያስፈልግም። የውስጡን ካሜራ ወደ ገንዘብ መሳቢያው አዙሪ። ወንበሮቹ አሁንም ከታዩ፣ ብዙዎቹ ካሜራዎች የተመረጠ ቦታን በጥቁር የሚሸፍን ሴቲንግ አላቸው። ቀረጻውም ከሳምንት በላይ አይቆይ።

የሸዋ በር ልጅ፦
እውነትህን ነው፤ የወሰድነው የዚያን ሌሊት ቅጂ ብቻ ነበር።

ሕግ አንባቢ፦
ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ላይ የግል ሕይወት የመከበር መብት ይሰጣል። መብቱ ፍጹም አይደለም፤ ለአገር ደኅንነት ወይም ወንጀል ለመከላከል ሊገደብ ይችላል። ግን አስገዳጅ ሁኔታና ዝርዝር ሕግ ይጠይቃል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም አለ። ለአንድ ዓላማ የተሰበሰበ መረጃ ለማይገናኝ ሌላ ዓላማ እንዳይውል ይፈልጋል። አንቺ የቀዳሽው ለሌባ ነው።

ስጋትሽ ከመሬት የተነሳ አይደለም። የጣሊያኑ ኩባንያ ሃኪንግ ቲም የስለላ ሶፍትዌሩን ለመንግሥታት ብቻ፣ ወንጀለኛ እንዲከታተሉበት እንደሚሸጥ ይናገር ነበር። ሲቲዝን ላብ የተባለው የካናዳ የምርምር ተቋም ግን በ2014 እ.ኤ.አ. ያው ሶፍትዌር ውጭ አገር በሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ጋዜጠኞች ላይ መሞከሩን ይፋ አደረገ።

የሆጤ እናት፦
ልጄ፣ ከሰዎቹ ጋር አትጣዪ። ሲመጡ ቡናውን አቅርቢላቸው። ብቻሽን ግን አትቀመጪ። "የምትፈልጉትን ቀንና ሰዓት የሚገልጽ ማህተም ያለበት ደብዳቤ አምጡልኝ፤ ያንን ሰዓት በፍላሽ እገለብጥላችኋለሁ" በያቸው። የደብዳቤውን ኮፒ አስቀሪ። ጎረቤት ነጋዴዎችንም አማክሪ። ሁላችሁም አንድ ዓይነት መልስ ከሰጣችሁ አንቺ ተለይተሽ አትታዪም።

ጠያቂ፦
እድሜ ይስጥልኝ እማማ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ፓስወርዱን ቀየርኩ። ለካ ድምፅም ይቀዳ ነበር! አንድ ዓመት ሙሉ አላወቅኩም። አጥፍቼዋለሁ፤ ለደንበኞቼም ነገርኳቸው። በሩ ላይ "ካሜራ አለ፣ ድምፅ አይቀዳም" ብዬ ለጥፌያለሁ። ሰዎቹ ማክሰኞ ይመለሳሉ። ጎረቤቴ ባለ ጨርቃ ጨርቁ አብሮኝ ሊቀመጥ ቃል ገብቷል።