ስሌቱን የጨረሰ ጁፒተር ኖትቡክ ራሱን እንዲዘጋ ምን ላድርግ?

ጤና ይስጥልኝ። ኮምቦልቻ በሚገኘው ቢሮአችን አንድ ሰርቨር እየተጋራን የደሴን አካባቢ የዝናብ መረጃ እንተነትናለን። ጁፒተር ኖትቡክ (በብራውዘር ኮድ የምንጽፍበትና የምናስኬድበት ገጽ) ስሌቱን ከጨረሰ በኋላም ከርነሉ፣ ማለትም ኮዱን ከጀርባ የሚያስኬደው ፕሮግራም፣ ሜሞሪ ይዞ ያድራል፤ ጠዋት ቀድሞ የገባ ሰው እንኳ ቦታ ያጣል።

ሥራ ፈት ከርነል የሚዘጋው ቅንብር ካልተነካ 0 ነው፤ ማለትም አይሠራም። 3600 ሰከንድ አደረግሁት። ነገር ግን ገጹ በብራውዘር ተከፍቶ ከቀረ ከርነሉን አይነካውም። ከብራውዘር ጋር የተገናኙት ከርነሎችም ይዘጉ ካልሁ ደግሞ ውጤቱን እያየ የሚያሰላስል ባልደረባ ተለዋዋጮቹን በሙሉ ያጣል፤ ያኔ ጩኸቱ በእኔ ላይ ነው። የመዝጊያ ትእዛዝ መጨረሻው ሴል (የኮድ ሳጥን) ላይ ማስቀመጥም አያዋጣም፤ መሐል ላይ ስህተት ከተፈጠረ እዚያ አይደርስም።

ኖትቡኩ ያለ ብራውዘር በሚያስኬደው ኤንቢኮንቨርት በተባለ መሣሪያ ከተርሚናል ቢሄድ ከርነሉ በራሱ እንደሚዘጋ አውቃለሁ፤ ሰዎቹ ግን ግራፉ ሲሳል ካላዩ አያምኑም። ሥራው በስኬትም ሆነ በስህተት ሲያበቃ ያንን ከርነል ብቻ የሚዘጋ መንገድ የምታውቁ እባካችሁ አሳዩኝ።