ሁለት ወንድ፣ አንድ አልጋ፦ ለእንግዳው ቀድመን እንንገረው ወይስ ዝም እንበል?

አስጎብኚ፣ ባሕር ዳር

አንድ ጉዳይ እንከራከርበት። ከተመሳሳይ ጾታ የፍቅር ጓደኛው ጋር ወደ ከተማችን የሚመጣ የውጭ እንግዳ አለ። ሕጋችንንና ልማዳችንን እኛ አስጎብኚዎች ቀድመን መንገር አለብን ወይስ ዝም ማለት ይሻላል? እኔ መንገር አለብን ባይ ነኝ። በጊዜ፣ በግልጽ፣ ሳናፍርና ሳናሳፍር።

እንግዳው እዚህ ሲደርስ ዓይኑ ያሳስተዋል። ከጊዮርጊስ ወደ ሐይቁ ዳር ሲወርድ ወንድ ከወንድ እጅ ለእጅ ተያይዞ ሲሄድ ያያል። ትከሻ ለትከሻ ተገጫጭቶ ሰላም ሲባባል፣ አንገት ለአንገት ተቃቅፎ ሲያወራ፣ ምሳ ላይ ሲጎራረስ ያያል። "እዚህ አገር ችግር የለም ማለት ነው" ብሎ ይደመድማል። ማታ ሆቴል ገብቶ አንድ አልጋ ሲጠይቅ ፊት ይለወጥበታል። የጓደኛ እጅ መያዝና የአልጋ ነገር ሰማይና ምድር መሆናቸውን እኛ ከልጅነታችን እናውቃለን። ለሱ ማን ነገረው?

ሕጉም አለ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚፈጸመውን ግንኙነት በእስራት ይቀጣል። ፈረንጅ ነው ብሎ አይምርም። ጢስ ዓባይ ስወስዳቸው ድንጋዩ ያዳልጣል እላለሁ። ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ሞገድ ስለሚነሣ በጠዋት አስነሣቸዋለሁ። ስለ እስራት ዝም የምለው በምን ሒሳብ ነው?

የሆቴል ሪሴፕሽን

ወንድሜ፣ አንተ ነግረህ ትሄዳለህ። ባንኮኒው ላይ የምቆመው እኔ ነኝ።

ሁለት ወንዶች ሻንጣ እየጎተቱ ይገባሉ። ፓስፖርታቸውን ኮፒ አደርጋለሁ። የቤተሰብ ስማቸው አንድ ነው። ወንድማማች ይሁኑ ተጋቢዎች በምን አውቃለሁ? እኛ ጋ የተሰጠን መመሪያ አጭር ነው፤ ሁለት ወንድ አንድ አልጋ አይያዝም። ለሐበሻም ለፈረንጅም። ሁለት ሴቶች ሲመጡ ግን ማንም ምንም አይልም።

አንድ ጊዜ አባትና ልጅ መጡ። ልጁ ትልቅ ሰው ነው። ሁለት አልጋ ያለው ክፍል አልቆ ነበር፤ አይቻልም አልኳቸው። አባትየው ተጨማሪ ገንዘብ የፈለግኩ መሰለው። ድምፁ ከፍ አለ፤ ልጁ እጁን ይዞ ያረጋጋው ጀመር። በመጨረሻ ሁለት ክፍል ከፍለው አደሩ። ጠዋት ቁልፍ ሲመልሱ ሰላም አላሉኝም። አሁን አንተ ለማን ነው የምትነግረው? ፊት አይተህ ነው? ላልሆነው ሰው ብትነግረው ስድብ ነው። ለሆነው ብትነግረው ደግሞ እያወቅህ አስተናገድክ ይሉሃል። ነሐሴ 2015 አዲስ አበባ ላይ ሆቴሎችና መጠጥ ቤቶች ሲፈተሹ፣ ሕዝቡም ጥቆማ እንዲሰጥ ሲጠየቅ ሁላችንም ሰምተናል። እኔ የምሠራው ለእንጀራዬ ነው። ባላውቅ ይሻለኛል።

አስጎብኚ፣ ባሕር ዳር

እህቴ፣ ለማንም ለይቼ አልነግርም። ለሁሉም እነግራለሁ። ገና ከአየር ማረፊያ ስንወጣ መኪና ውስጥ "አደባባይ ላይ መሳሳም እዚህ አይለመድም፣ ቤተ ክርስቲያን ትከሻና ጉልበት ይሸፈናል፣ ሁለት ወንድ አንድ አልጋ አይሰጥም፣ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት በሕግ ያስቀጣል" እላለሁ። ባልና ሚስቱም፣ አያትየዋም፣ ብቻውን የመጣውም ይሰማል። የሚመለከተው ሰው ራሱን ያውቃል። ማንንም አላየሁም፣ ማንንም አልጠየቅኩም።

የቀበሌ 13 ልጅ

መንገር ማለት መፍቀድ ነው። "እንዲህ ከተጠነቀቃችሁ ትችላላችሁ" ማለት ነው። አገራችን ባህልና ሃይማኖት አላት። እኔ ብሆን ለፖሊስ ነው የምነግረው።

ዲያቆን፣ ዘጌ

የቀበሌ 13 ልጅ፣ ሃይማኖትን ጠቅሰህ ስለጻፍክ ልመልስልህ። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ግልጽ ነው፤ ድርጊቱ ኃጢአት ነው። አላድበሰብሰውም። ግን ኡራ ኪዳነ ምሕረት ደጅ ላይ ቆመን እንግዳን "ከማን ጋር ታድራለህ?" ብለን ጠይቀን አናውቅም። ጫማውን ያወልቃል፣ ቲኬቱን ይቆርጣል፣ ሥዕሉን ያያል፣ ይሄዳል። በእንግዳ ጓዳ ገብቶ መሰለል ከማን የተማርነው ነው?

እኔ የተቆጣሁት በ2011 ነው። ቺካጎ ያለ አንድ አስጎብኚ ድርጅት ባሕር ዳርንና ላሊበላን ያካተተ የግብረ ሰዶማውያን ጉዞ አዘጋጅቶ ማስታወቂያ አወጣ። የሃይማኖት ማኅበራት ተቃወሙ፣ መንግሥት እንዲከለክል ጠየቁ። እኔም አብሬ ተቃውሜአለሁ። ዛሬም ያው ነኝ። የከፋኝ ሁለት ሰዎች መምጣታቸው አይደለም። ጉዞው በዚያ ስም ተሰይሞ ወደ ቅዱሳን ቦታ መደረጉ ነው።

ክብራን ገብርኤል ሴት አትገባም። ሴቶቹ እንግዶች ጀልባው ላይ ሆነው ባሎቻቸውን ይጠብቃሉ። ቅር የሚላቸው አሉ፤ ግን ያከብራሉ። የምጠይቀው ያንን አክብሮት ነው። ስለዚህ አስጎብኚው ይንገራቸው፤ በዚህ ከሱ ጋር ነኝ።

የባሕር ዳር ልጅ፣ ከቶሮንቶ

ዲያቆን፣ አክብሬህ ነው የምከራከርህ። ክብራን ላይ የቀረችው ሴት ጀልባ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። አትታሰርም። ማንም ስልኳን አይበረብርም። ሁለቱን ማመሳሰል አይሆንም።

እኔ ካናዳ ስመጣ መጀመሪያ ያከራዩኝ ሁለት ወንዶች ናቸው። ተጋብተው የሚኖሩ። እዚህ በፈረንጆቹ ከ2005 ጀምሮ በመላው አገሪቱ ሕጋዊ ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት ክፍሌን ቆልፌ ነበር የማድረው። እናቴ ብትሰማ ምን ትላለች እያልኩ። ማዕድ ቤቱ የጋራ ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሥጋ የነካ ዕቃ እንደማልጠቀም አዩ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ለኔ ብቻ የሚሆን አዲስ መጥበሻ ገዝተው፣ ስሜን ጽፈው መደርደሪያው ላይ አስቀምጠዋል። ስለ ጾሜ አልተከራከሩኝም፣ አልሳቁብኝም። አንገቴ ላይ ያለውን ክር አይተው ትርጉሙን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው።

አሁን ጣናን ማየት ይፈልጋሉ። እኔ ነኝ በፎቶ ያስጎመጀኋቸው። "እንሂድ ወይ?" ይሉኛል። እኔ በነሱ አገር በሰላም ኖሬ፣ እነሱን ወደ አገሬ ስጠራ የማስጠንቀቂያ ዝርዝር መስጠቴ ያሳፍረኛል። ቢሆንም እነግራቸዋለሁ። ሳልነግራቸው መጥተው አንድ ነገር ቢደርስባቸው በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?

ዲያቆን፣ ዘጌ

ደግነታቸውን አልክድም። እግዚአብሔር ይስጣቸው። ሰው እንዲታሰርልኝም አልለመንኩም። ይምጡ፣ እንደ ማንኛውም እንግዳ ቡና አፍልተን እንቀበላቸዋለን። የዘጌ ቡና ነው፣ ከጓሯችን የተለቀመ። በእምነቱ ላይ ግን አቋሜ አይለወጥም።

የሕግ ባለሙያ

ትንሽ ላስተካክል። ሕጉ የሚቀጣው ድርጊትን ነው። ሰው ስለ አረማመዱ ወይም ከማን ጋር ስለመጓዙ የሚቀጣበት አንቀጽ የለም። አንቀጽ 629 የሚለው ቀላል እስራት ነው፤ ይህም በመሠረቱ ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ነው። አንቀጽ 630 ግን ከበድ ይላል። የሌላውን ችግር ወይም ጥገኝነት መጠቀሚያ ያደረገ ሰው እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ሊደርስበት ይችላል። ገንዘብ ያለው የውጭ ሰውና ሥራ የሌለው የአገር ልጅ ሲገናኙ ነገሩ ወዴት ሊሄድ እንደሚችል አስቡት።

ሪሴፕሽኗ ለፈራሽው፦ ወንጀልን የማስታወቅ ግዴታ በአንቀጽ 443 ለከባዶቹ የተወሰነ ነው፤ ሞት ወይም የዕድሜ ልክ እስራት ለሚያስቀጡት። አንቺ ጠቋሚ እንድትሆኚ ሕጉ አያስገድድሽም። አስጎብኚውንም አያስገድደውም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 26 የማንኛውንም ሰው የግል ሕይወት፣ ቤቱንና የሚጻጻፈውን ይጠብቃል፤ ዜጋ ብቻ አይልም። በመሬት ላይ ያለው ሌላ መሆኑን ግን ሁላችንም እናውቃለን። ጣጣው ፍርድ ቤት ከመድረሱ በፊት ይጀምራል። ጣቢያ፣ ስልክ ማስከፈት፣ የሰፈር ሰው መሰብሰብ።

በዕርዳታ ድርጅት የምትሠራ

የምታወሩት ሦስት ቀን አድሮ ስለሚሄድ ቱሪስት ነው። እዚህ ተከራይቶ የሚኖረውስ?

አብሮኝ የሠራ አውሮፓዊ ነበር። ግቢ ያለው ቤት ተከራየ። በር ላይ ዘበኛ አለ። ምግብ የምትሠራለት፣ አንሶላውን የምታጥብ ሠራተኛ አለች። አከራይዋ እዚያው ግቢ ጓሮ ውስጥ ናቸው። ማን ገባ ማን ወጣ የማይታወቅበት ቀን የለም። ገና እንደገባ ቡና ተጠራ፤ ሁለተኛው ስኒ ሳይቀዳ "ሚስትህ የት ናት?" ተባለ። ደንግጦ "አገሬ እጮኛ አለችኝ" አለ። ከዚያ በኋላ ያቺን እጮኛ ማኖር ሆነ ሥራው። ስሟ ማን ነው? ፎቶዋን አሳየን። መቼ ነው የምትመጣው? አከራይዋ ለሠርጉ ብለው ሞሰብ አሰፉ። የምሬን ነው፣ አሰፉ። እሱም ሞሰቡን ተቀብሎ ማታ ማታ ይጨነቅ ነበር።

ቀድሞ ቢጠይቀኝ "እግዜር ሲፈቅድ" በል እለው ነበር። እዚህ አገር ከዚያ ቃል በኋላ ማንም አይጠይቅም። አሜን ብለው ቡናቸውን ይጠጣሉ። መዋሸትም አያስፈልግም፣ መናዘዝም አያስፈልግም። ለጥምቀት የፍቅር ጓደኛው ሊጠይቀው መጣ። ሆቴል ሁለት አልጋ ያለው ክፍል ያዙ። ጓደኛዬ ነው ብሎ አከራይዋ ጋ ወሰደው። እሳቸውም ዶሮ ሠርተው ሁለቱንም በየተራ አጎረሷቸው። ደስ ብሏቸው ዋሉ። እንዲህ ዓይነቱን ነገር የሚያስተምር ሰው ያስፈልጋል። ሕጉን ብቻ ነግሮ ማስፈራራት በቂ አይደለም።

የጀልባ ባለቤት

ልጆቼ፣ እንግዳው ራሱ የታለ? ከጦርነቱ ወዲህ ጀልባዬ ዳር ታስራ ነው የምትውለው። በ2013 ቀነሰ፣ ከነሐሴ 2015 በኋላ ጭራሽ ጠፋ። ልጆች የማስተምረው በዚህች ጀልባ ነበር። የሚመጣውን በክብር መጫን ነው። ጀልባዬ ላይ መሳሳም ግን አልወድም፣ ወንድና ሴትም ቢሆኑ። ይህን ንገሩልኝ።

ስሜን የማልጽፍ

እኔ የዚሁ ከተማ ልጅ ነኝ። ሁሉንም አነበብኩ። ስለ ፈረንጁ አልጋ፣ ስለ ፈረንጁ ፓስፖርት፣ ስለ ፈረንጁ ኀፍረት ተነጋገራችሁ። እሱ አንድ ነገር ቢሆን ኤምባሲ ይደውላል፤ በማግስቱ አውሮፕላን ላይ ነው። እዚህ የሚቀረው ማን ነው? አብሮት ታየ የተባለው ልጅ ነው። ባሕር ዳር ትልቅ ትመስላለች እንጂ ባጃጅ ነጂው ሁሉ የማን ልጅ እንደሆንክ ያውቃል። ወሬው ከእናትህ ቤት የሚደርሰው አንተ ሳትደርስ ነው።

አንድ ጓደኛዬን በስልክ አፕ ያወራው ሰው ቀጠረው። ሲሄድ ሦስት ሆነው ጠበቁት። ስልኩን ወሰዱ፣ ያለውን ገንዘብ አስላኩት፣ ለቤተሰብህ እንልከዋለን ብለው ለወራት አስከፈሉት። ለፖሊስ አላመለከተም። ማመልከት ማለት ራሱን መክሰስ ነዋ! ሥራውን ትቶ ከከተማው ወጣ።

አስጎብኚ፣ ከነገርከው አይቀር ይህንንም ጨምርለት። እዚህ ያወቀውን ሰው ፎቶ እንዳይለጥፍ። ስሙን እንዳይጠቅስ። ሰፈሩ ድረስ እንዳይሸኘው። ስልኩ ላይ ያለውን የኛን ልጆች መልእክት እንዲያጠፋ። የሱ ድፍረት የሚከፈለው በሱ ኪስ አይደለም።

የሕግ ባለሙያ

ጓደኛህ ላይ የደረሰው ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ አስፈራርቶ ገንዘብ መቀበል። ግን ለምን እንዳላመለከተ ይገባኛል። ሕጉን እያወቅኩ "ሂድና አመልክት" ብዬ በድፍረት ልመክረው አልችልም።

የቀበሌ 13 ልጅ

የገንዘቡን ነገር እኔም አልደግፍም። ሌብነት ሌብነት ነው። በቀረው ግን አቋሜ ያው ነው።

አስጎብኚ፣ ባሕር ዳር

ስሜን የማልጽፍ ያልከውን እጨምራለሁ። መኪና ውስጥ ለሁሉም ከምናገረው ጋር "የአገሬውን ሰው ፎቶ ሳያስፈቅዱ አይለጥፉ፣ ስሙን አይጥቀሱ" እላለሁ። ለማንኛውም ሰው የሚሆን ምክር ስለሆነ ማንም አይጠረጠርበትም። የሰፈሩንና የመልእክቱን ግን ለብቻው ለሚጠይቀኝ ነው የምነግረው። እኔን አምኖ ከጠየቀኝ ሙሉውን ይሰማል። ስለ "እግዜር ሲፈቅድ" ደግሞ አመሰግናለሁ እህቴ፤ ለሚቆዩት አስተምራለሁ። ለቶሮንቶው ወንድማችን፦ ሰዎችህ ሲመጡ ለኔ ስጠኝ። ሁለት አልጋ አስቀድሜ እይዛለሁ፣ ጠዋት በ12 ሰዓት ጀልባ ላይ ነን፤ ጋሼ የጀልባው ባለቤትም ይነዱልናል።

የሆቴል ሪሴፕሽን

እሺ። እኔም ከዛሬ ጀምሮ ሁለት ወንድ ሲመጡ ምንም ሳልጠይቅ ሁለት አልጋ ያለውን አስቀድሜ አቀርባለሁ። ካለቀ ግን አንዱን አልጋ የምሰጥበት ሥልጣን የለኝም፤ እሱን ለሥራ አስኪያጁ ራስህ ንገረው። ለምን እንደሆነ ለእንግዳው የማስረዳውም እኔ አይደለሁም። እሱ ያንተ ሥራ ነው፣ መኪና ውስጥ።