ለሲቲዝንሺፕ ፈተና የት ልማር? ለጠየቃችሁኝ ሁሉ

በተለይ ከዲሲና ከሜሪላንድ ይህ ጥያቄ በዝቶብኛል። ታላቅ እህቴን ለኢንተርቪው ያዘጋጀኋት እኔ ነኝ፤ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ከሁሉ በፊት ኤን-400ን፣ ማለትም የዜግነት ማመልከቻውን ቅጽ፣ ያስገባችሁበትን ቀን እዩ። ከኦክቶበር 20 ቀን 2025 ጀምሮ ያስገባ ሰው የሚያጠናው ስለ አሜሪካ ታሪክና መንግሥት 128 ጥያቄ ነው። እስከ 20 ይጠየቃል፣ 12 መመለስ አለበት። ከዚያ በፊት ያስገባ በድሮው 100 ጥያቄ ይፈተናል፤ እስከ 10 ይጠየቃል፣ 6 ከመለሰ አለፈ። ዩቲዩብ ላይ በአማርኛ ያገኘኋቸው ቪዲዮዎች የድሮውን የያዙ ናቸው። ሥራ ላይ ሆኖ ለመስማት አሪፍ ናቸው። ግን የፕሬዚዳንቱንና የአፈ ጉባኤውን ስም ከእነሱ አትያዙ፣ ይቀያየራል።

ለታሪኩና ለመንግሥት አወቃቀሩ ገንዘብ አታውጡ። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ፣ የዩኤስሲአይኤስ ድረ ገጽ ጥያቄውን ከነመልሱ በነጻ አስቀምጦታል። እህቴ ግን አንድ አስተማሪ ዘንድ ከፍላ ስድስት ሳምንት ተመላለሰች። የተሰጣት የዚያው ዝርዝር ፎቶ ኮፒ ነበር። ከሥራ ወጥታ፣ ደክሟት፣ ለዚያ! እስካሁን ያንገበግበኛል።

ድካም የሚገባው ለእንግሊዝኛው ሰዋስው ነው። ኢንተርቪው የሚያደርገው የኢሚግሬሽን መኮንን የማመልከቻውን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ያነሳል፣ ብዙዎቹም «ሃቭ ዩ ኤቨር» ብለው ይጀምራሉ። እህቴ እዚያ ላይ ነበር የምትደነግጠው። አንድ ቀን «በአማርኛ እኮ አለን» አልኳት። «ታስረሽ ታውቂያለሽ?» እንል የለ? «ሃቭ ዩ ኤቨር» ያቺ «ታውቂያለሽ» ናት። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው ሳያልቅ ይገባት ጀመር።

ሌላው «የስ» እና «ኖ» ነው። «ከአገር አልወጣሽም?» ስንባል «አዎ፣ አልወጣሁም» እንላለን። በእንግሊዝኛ «የስ» ካላችሁ ወጥቻለሁ ማለት ነው። ካልወጣችሁ «ኖ» በሉ። መኮንን ፊት ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

እንግዲህ የቱ ይሻላል? የሌሊት ፈረቃ ለሚሠራ ሰው ዩኤስኤ ለርንስ የሚባለውን ድረ ገጽ እመርጣለሁ። ካሊፎርኒያ ያለው የሳክራሜንቶ ካውንቲ ትምህርት ቢሮ ያዘጋጀው ነው፣ ነጻ ነው፣ የሲቲዝንሺፕ ትምህርትም አለው። ጉድለቱ፣ ስትሳሳቱ ፊታችሁን አይቶ የሚያርማችሁ ሰው የለም። ዲሲ የምትኖሩ ካርሎስ ሮዛሪዮ የጎልማሶች ትምህርት ቤትን ጠይቁ፤ ለከተማው ነዋሪ በነጻ ያስተምራል። ቦታ ካገኛችሁ ሌላ አትፈልጉ። ሞንጎመሪ ካውንቲ ደግሞ ላይብረሪዎቹ የእንግሊዝኛ መወያያ ክበብ አላቸው። ሰዋስው ቁጭ ብሎ የሚያስተምር የለም፣ አፍ ግን ይፈታል። ለእህቴ የጠቀማት ዩኤስኤ ለርንስን ቤት ማጥናቱ፣ ከዚያ ክበቡ ሄዶ ማውራቱ ነው።

ጽሕፈቱ አያስፈራችሁ። ከሦስት ዓረፍተ ነገር አንዱን በትክክል መጻፍ ይበቃል። የሚመጡት ቃላት ዝርዝርም እዚያው ድረ ገጽ ላይ አለ። «ፌብሩዋሪ» ላይ ብቻ ተጠንቀቁ፤ መሃሉ ላይ ሲነገር የምትዋጥ «አር» አለች። እህቴ በትልቁ ጽፋ ፍሪጁ ላይ ለጥፋው ነበር የከረመችው።

65 ዓመት የሞላቸው፣ በግሪን ካርድም 20 ዓመት የኖሩ እናት አባት ካሏችሁ እንግሊዝኛ ኮርስ አታስመዝግቧቸው። ለእነሱ የተለዩ 20 ጥያቄዎች አሉ፤ በአስተርጓሚ በአማርኛ ይፈተናሉ። 10 ይጠየቃሉ፣ 6 ይበቃቸዋል። ማታ ማታ ቡናው ሲፈላ እናንተው ጠይቋቸው።

አንድ የረሳሁት፦ ዲሲ የምትኖሩ «የግዛትሽ ሴናተር ማነው?» ስትባሉ የሜሪላንዱን እንዳትጠሩ። መልሱ «ዲሲ ሴናተር የለውም» ነው።